ከአዲስ አበባ እስከ አሳይታ፦ ሦስት ሞተርና የጥጥ ነገር

ቀን አንድ፦ አዲስ አበባ – አዋሽ ሰባት ኪሎ

ልነሳ ስል እናቴ ጋቢ በፌስታል ጠቅልላ ሞተሬ ኋላ ላይ አሰረችልኝ። «እማዬ፣ አፋር እኮ ነው የምሄደው፤ ይሞቃል» አልኳት። «ሌሊት ሲነፍስ ታስታውሺኛለሽ። ደግሞ ጥጡ ከዚያው ነው የመጣው» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ጋቢውን የፈተለችው አያቴ ናት። ጥጡን ያመጡላት ደግሞ አጎቴ ናቸው። በደርግ ጊዜ ከዱብቲ ጥጥ የሚጭን ከባድ መኪና ይነዱ ነበር። ሲመለሱ ፍሬው ያልወጣለት ጥጥ በማዳበሪያ ከረጢት ይዘውላት ይመጣሉ። አያቴ በረንዳ ላይ ቁጭ ብላ በብረት መዳመጫ ፍሬውን ትለያለች። ትነድፈዋለች፣ ታባዝተዋለች፣ ከዚያ እንዝርቷን ታሾራለች። እኔ አጠገቧ ስጫወት ብናኙ አፍንጫዬ እየገባ ያስነጥሰኝ ነበር።

አሁን አጎቴ 67 ዓመታቸው ነው። ጡረታ ወጥተው አሮጌ ሆንዳ ኤክስኤል ይነዳሉ። ታናሽ ወንድሜ በእርሻ ነው የተመረቀው፤ ቦክሰር አለው። የኔዋ አፓቼ ናት። የጉዞው ሰበብ ወንድሜ ነው። መካከለኛው አዋሽ ላይ ያለ አንድ የጥጥ እርሻ ሥራ ሰጥቶታል። ደመወዙ ጥሩ ነው። እሱ ግን «ሳላየው አልፈርምም» አለ። አጎቴም «እንግዲያው እርሻውን ብቻ አይተህ አትመለስ፤ ወንዙን እስከ ታች ተከትለን እንየው» አሉ። በዚያው ተነሳን።

ጥቅምት 20 ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ቃሊቲን አለፍን። ፈጣን መንገዱን ትተን በአሮጌው ወረድን። ዱከም፣ ቢሾፍቱ፣ ሞጆ። ሞጆ ደረቅ ወደብ ጋ የጅቡቲ መስመር መኪኖች ይቀላቀላሉ። ከዚያ በኋላ መንገዱ የነሱ ነው። አጎቴ አዳማ ላይ ሻይ ይዘን ትዕዛዛቸውን ሰጡን። «ከተሳቢ ኋላ አትጠጉ። ሲያልፋችሁ ነፋሱ መጀመሪያ ይስባችኋል፤ ቀጥሎ ይገፋችኋል። ትከሻችሁን አላሉት። የፈነዳ ጎማ ቁራጭ መንገድ ላይ ካያችሁ በላዩ አትሂዱበት፤ ውስጡ ሽቦ ነው።»

ከወለንጪቲ በኋላ የፈራሁት መጣ። ከባድ መኪና በፀሐይ የለሰለሰውን አስፋልት ወደ ጎንና ወደ ጎን ገፍቶ ሁለት ቦይ ሠርቷል። በሁለቱ ቦዮች መሃል እንደ በሬ ጀርባ ያበጠ ጉብታ አለ። መኪና ውስጥ ያለ ሰው ምንም አይሰማውም። ሞተር ላይ ግን የፊት ጎማ ቦዩ ውስጥ ከገባ በዋዛ አይወጣም። መሪ አጠማዝዤ ልውጣ ካልሽ ይጥልሻል። ፍጥነት ቀንሰሽ ቦዩን ተከትለሽ ትሄጃለሽ፤ ጠርዙ ዝቅ ያለበት ቦታ እስክታገኚ። አንዴ ቦዩ ውስጥ ሆኜ ከኋላዬ ቦቴ ጥሩምባውን ሲነፋ ልቤ አፌ ውስጥ ነበር።

መተሐራ ላይ በሰቃ ሐይቅ መንገዱን ታክኮ ተኝቷል። የዛሬ 60 ዓመት ገደማ ስፋቱ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር አካባቢ ነበር። ዛሬ ከ40 ይበልጣል። የመኪናውም የባቡሩም መንገድ ውሃውን ሸሽቶ ከፍ ተደርጓል። ሞተራችንን አቁመን ውሃውን ነካሁት። ያሙለጨልጫል። ወንድሜ «ከከርሰ ምድር ነው የሚያድገው፤ በዙሪያው ካለው መስኖ የሚሰርገው ውሃም ከምክንያቶቹ አንዱ ነው» አለኝ። ጨዋማ ስለሆነ ለመጠጥም ለእርሻም አይሆንም።

ማታ አዋሽ ሰባት ኪሎ ፍየል ጥብስ በላን። አጠገባችን የቦቴ ሾፌሮች ተቀምጠዋል። ወሬያቸው መንገድ ነው። የቱ ጋ ኬላ በዛ፣ የቱ ጋ ትከሻው ተሸረሸረ፣ ገዋኔ ቤንዚን አለ ወይስ የለም። ከ2017ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ወዲህ ሌሊት መኪና ሲያልፍ ጭምር የሚባንኑ ሰዎች እዚህ ከተማ እንዳሉ አስተናጋጇ ነገረችን።

ቀን ሁለት፦ አዋሽ – መልካ ወረር

ይህን ቀን ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ። የመጣንበት ጉዳይ እዚህ ነውና።

ከአዋሽ አርባ አልፈን ወደ ወረር ስንታጠፍ መንገዱ ጠበበ። ከግራና ከቀኝ ቁጥቋጦ አስፋልቱ ድረስ መጥቷል። ከውስጡ ድንገት ፍየል ይወጣል። ጥግ ይዤ ስሄድ የኋላ ጎማዬ ይዋልል ጀመር። ወረደ።

ሞተሩን እየገፋን ጎሚስታ አገኘን። የአፋር ልጅ ነው፤ 20 ዓመት አይሞላውም። ካላማዳሪውን አውጥቶ ነፋው፤ ውሃ ውስጥ ነክሮ አረፋው የሚወጣበትን አየ። ከዚያ ጎማውን በጣቱ ዳብሶ በፒንሳ አንድ እሾህ ነቀለ። መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። የትንሿ ጣቴን ግማሽ ያህላል። ጫፉ ጥቁር፣ እንደ መርፌ። «ደርጊ ሀራ» አለኝ።

በአፋርኛ የደርግ ዛፍ ማለት ነው። ፕሮሶፒስ የሚባለው ነው። አገሩ ላቲን አሜሪካ ነው። በ1970ዎቹ እዚህ ሲተከል ለጥጥ እርሻው ነፋስ እንዲከላከልና ጥላ እንዲሆን ነበር። ከብቶች ፍሬውን በሉ። ዘሩ በፋንድያቸው የሄዱበት ሁሉ በቀለ። ሥሩ ጥልቅ ነው፤ ቢቆርጡት መልሶ ያቆጠቁጣል። ዛሬ አፋር ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት ይዟል። ሣሩን አጥፍቶታል። ጎሚስታው እንዳለኝ በቀን ከሚሠራቸው ጎማዎች የሚበዙት በዚህ እሾህ የተበሱ ናቸው። እሾኹን ወረቀት ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩት።

እርሻው ጋ ስንደርስ ከጠዋቱ 3 ሰዓት አልፏል። ነጭ ሜዳ ነው። ባላጋንን ደስ ባለኝ፤ ግን ነጭ ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል። ረድፉ ዓይን እስኪያቅተው ይሄዳል። አንዳንድ ግንድ ላይ ዘግይቶ ያበበ አበባ አለ። የጥጥ አበባ በመጀመሪያው ቀን ነጭ ነው። በማግስቱ ሮዝ ይሆንና ይጠወልጋል። ወንድሜ ሁለቱንም ጎን ለጎን አሳየኝ። እውነቱን ለመናገር ያምራል።

ለቃሚዎቹ ከወላይታም ከወሎም የመጡ ናቸው። ብዙዎቹ ሴቶች። አንዷ ጋ ተጠግቼ ልልቀም አልኳት። ሳቀች። «ነይ እህቴ፤ ግን ጣትሽን ጠብቂ።» ፍሬው ሲደርቅ በአራት በአምስት ይከፈላል። ጥጡ ከዚያ ውስጥ ተንዘርፍፎ ይወጣል። የቅርፊቱ ጫፍ ግን ደርቆ እንደ ምላጭ ሆኗል። እሷ በሁለት እጇ እኩል ትለቅማለች። ቅርፊቱን አትነካውም። እኔ አምስት ደቂቃ ሳልቆይ ጥፍሬ ሥር ደማ። የሷን ጣቶች አየኋቸው። ሦስቱ በጨርቅ ታስረዋል። ጨርቁ ቡናማ ሆኗል።

«ጠዋት ብርድ ሳለ ለምን አትጀምሩም?» አልኳት። «ጤዛ አለ። የረጠበ ጥጥ ይሻግታል ብለው አያስገቡንም። ፀሐይ ሲወጣ እንገባለን፤ ፀሐይ ሲከር እኛም አብረን እንከራለን።» ክፍያው በኪሎ ነው። ማዳበሪያው ሲሞላ ሚዛን ጋ ትሸከመዋለች። ጥጥ ቀላል ነገር ይመስለናል፤ የሞላ ማዳበሪያ ጥጥ ግን ወገብ ይሰብራል። ከዚያ ውስጥ ሲዳመጥ ክር የሚሆነው ከግማሽ ያነሰ ነው። ቀሪው ፍሬ ነው፤ ለዘይትና ለከብት መኖ ይሄዳል።

ቁጭ ብለን ውሃ ስንጠጣ ጀሪካኗን አየሁ። ቢጫ፣ አምስት ሊትር። ምልክቱ ተፋፍቋል፤ ግን የራስ ቅሉ ግማሽ ይታያል። የተባይ መድኃኒት ዕቃ ነው። ወንድሜን ጠራሁት። ፊቱ ተለዋወጠ። የእርሻው ኃላፊ «ባዶ ዕቃ ሁሉ እንዲበሳ አዘናል፤ ይሄ አምልጦ ነው» አለ። ላምነው እችላለሁ። ሰውየው ክፉ አይመስልም። ግን ያመለጠው ዕቃ ሴትየዋ አፍ ላይ ነው የደረሰው። ወንድሜ ውሃውን ደፍቶ ጀሪካኑን በቢላ በሳው። የያዝነውን የውሃ ጀሪካን ሰጠናት። እሷ ደግሞ «ሳሙና አጥቤው ነበር እኮ» አለች፤ ጥፋተኛ እሷ የሆነች ይመስል። ይህ ንግግሯ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

ከሰዓት በኋላ ኃላፊው ዳር ዳሩን አዞረን። ከሩቅ ሌላ ነጭ ማሳ ታየኝ። ለቃሚ የለበትም። «ይሄስ ለምን አልተለቀመም?» ብዬ ጠየቅሁ። ማንም አልመለሰልኝም። ወርጄ ስረግጠው እግሬ ሥር እንደ ደረቅ ብስኩት ተሰባበረ። ጨው ነው።

ወንድሜ ያስረዳኝ እንዲህ ነው። መስኖ ውሃ ያጠጣል እንጂ የተረፈው ውሃ የሚወጣበት ቦይ ካልተሠራለት ከሥር ይጠራቀማል። የከርሰ ምድሩ ውሃ ወደ ላይ ይወጣል። ፀሐይ ውሃውን ትወስደዋለች፤ ጨዉ ይቀራል። በአሚባራና በመልካ ሰዲ በዚህ ምክንያት በሺዎች የሚቆጠር ሄክታር ከእርሻ ወጥቷል። ጨው ከሆነ በኋላ ለጥጥም አይሆንም፤ ለግጦሽም በቀላሉ አይመለስም። የሚበቅልበት ደርጊ ሀራ ነው።

ማታ የሦስታችንም ልብ ተረብሿል። በሸራ አልጋ ላይ ጋደም ብለን እስከ እኩለ ሌሊት አወራን። ወንድሜ ስለ ተባይ ነገረን። የጥጥ ትልቁ ጠላት ፍሬውን የሚበላው ትል ነው። በ2010 ዓ.ም ኢትዮጵያ ይህን ትል የሚቋቋሙ ሁለት የቢቲ ጥጥ (በዘረመል የተለወጠ ጥጥ) ዝርያዎች እንዲዘሩ ፈቅዳለች፤ እዚሁ ወረር የምርምር ማዕከልም ተሞክረዋል። ለትሉ የሚረጨውን መድኃኒት ይቀንሳል። ቅጠል የሚመጥጡትን ተባዮች ግን አያቆምም። ዘሩም ዲቃላ ስለሆነ በየዓመቱ መገዛት አለበት። «ሌላ መንገድም አለ» አለ። አርባ ምንጭ አካባቢ ፓን-ኢትዮጵያ የሚባል ድርጅት ከአነስተኛ ገበሬዎች ጋር ሠርቷል። ገበሬዎቹ ከበቆሎ የተሠራ ምግብ ጥጡ ላይ ይረጫሉ። ተባዩን የሚበሉ ጠቃሚ ነፍሳት ምግቡን ፈልገው ይመጣሉ። አጎቴ ተነስተው ቁጭ አሉ። «ትሉን የሚበላውን ጋብዞ ማምጣት! እኛ ጊዜ እኮ አውሮፕላን ነበር የሚመጣው።» ከዚያ ዝም አሉ። ምን እንዳስታወሳቸው የገባኝ ዱብቲ ላይ ነው።

ቀን ሦስት፦ ወረር – ገዋኔ – ሚሌ – ሎጊያ

ረጅም ቀን ነው፤ መንገዱ ግን ብዙ አያስጽፍም። ከባድ መኪና፣ ሙቀት፣ ግመል። አየሉ ተራራ ለብዙ ሰዓት አልለየንም። ገዋኔ ላይ ማደያው ባዶ ነበር። ቤንዚን በሃይላንድ ገዛን፤ አጎቴ በነጠላ ጨርቅ እያጠለሉ ቀዱት።

ገዋኔ ሻይ ቤት ከፊት ለፊታችን የመጡ ሁለት ሞተረኞች አገኘን። የእንስሳት ክትባት ሠራተኞች ናቸው። አቧራው ቅንድባቸውን ነጭ አድርጎታል። ሞተረኛ ለሞተረኛ መንገድ ይነግረዋል፤ ይህ ያልተጻፈ ሕግ ነው። «ሚሌ ሳትደርሱ ድልድይ አለ፤ ከሱ ወዲያ አሸዋ ፈሷል፤ ፍሬን እንዳትይዙ።» እኛም በተራችን የወለንጪቲውን ቦይ ነገርናቸው። አንደኛው ሳቅ ብሎ «ይሄ ዳጉ ነው» አለ። ዳጉ የአፋሮች የወሬ ሥርዓት ነው። ሁለት ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ ቁጭ ብሎ ያየውንና የሰማውን ይለዋወጣል። ዝናብ የት ዘነበ፣ ሣር የት አለ፣ ማን ታመመ። መዋሸት ነውር ነው፤ በአንድ ሰው ውሸት የሌላው መንጋ ሊያልቅ ይችላል።

ወንድሜ ስለ ሥራው ነገራቸው። ታላቅየው ኩባያውን አስቀመጠና እንጨት አንስቶ አሸዋው ላይ ሣለልን። አንድ የተጠማዘዘ መስመር አሰመረ፤ አዋሽ ነው። ከጎኑ ሰፊ ሜዳ ሣለ፤ አለይደጊ። «ዝናብ ሲዘንብ ከብቱ ሜዳ ላይ ይውላል። ወንዙ ዳር ያለውን ሣር ማንም አይነካውም። ሜዳው ሲደርቅ ከብቱ ወደ ወንዙ ይወርዳል። ወንዙ ዳር ያለው ለክፉ ቀን የተቀመጠ ነው።» ከዚያ በወንዙ ዳርና ዳር በእንጨቱ ወጋ ወጋ አደረገ። «ጥጡ የተዘራው እዚህ ነው። ትንሽ መሬት ናት ይላሉ። አዎ፣ ትንሽ ናት። ግን ይህቺ ትንሽ ከሌለች ይሄ ሁሉ ሜዳ ዋጋ የለውም።»

ይህን ነገር በዚህ ዓይነት ያስረዳኝ ሰው አልነበረም። የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን በ1954 ዓ.ም ሲቋቋም፣ ቀጥሎም ትልልቅ የጥጥና የሸንኮራ እርሻዎች ወንዙን ተከትለው ሲስፋፉ፣ መሬቱ «ባዶ» ነበር የተባለው። ባዶ የመሰለው ባለቤቶቹ በዚያ ወቅት ሜዳ ላይ ስለነበሩ ነው። በ1965 እና 66 ድርቅ ሲመጣ አፋሮች እንደ ጥንቱ ወደ ወንዙ ወረዱ። ቦታው ታርሷል። በዚያ ረሃብ ከሁሉ በላይ ከተጎዱት መካከል አፋሮች ነበሩ።

ወንድሜ ግን በቀላሉ አልተረታም። «እሺ ወንድሜ፣ ይሄ ልክ ነው። ግን ጥጡን እዚህ ባናመርት ፋብሪካው ከውጭ ያመጣል። ያኛውስ ጥጥ የማንን ወንዝ ጠጥቶ ነው የበቀለው?» አራልን አነሳ። በዓለም አራተኛው ትልቅ ሐይቅ ነበር። ሶቪየቶች ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሁለቱን ወንዞች ወደ ጥጥ አዞሯቸው፤ ሐይቁ ደርቆ መርከቦች አሸዋ ላይ ቀሩ። ኡዝቤኪስታን ውስጥ ለብዙ ዓመታት ተማሪና አስተማሪ እየተገደደ ጥጥ ይለቅም ነበር። በመንግሥት ደረጃ የተደራጀው ግዳጅ ቀርቷል ብሎ የዓለም ሥራ ድርጅት ያረጋገጠው በ2022 (እ.ኤ.አ.) ነው። «ስለዚህ እኛ ትተነው ሌላ አገር ሰው ቢጎዳበት ምን አተረፍን?»

የክትባት ሠራተኛው አሰበ። «አዋሽም እኮ ባሕር አይደርስም። እንደ አራል ነው፤ አቤ ሐይቅ ገብቶ ያልቃል። ላይ የወሰድከው ታች ይጎድላል። እኔ ጥጥ አትዝራ አላልኩህም። ከብቱ የሚወርድበትን መንገድ አትዝጋ ነው ያልኩህ። በእርሻው መሃል መተላለፊያ ተው።» ከዚያ ተነስተው ሄልሜታቸውን አጠለቁ። ታናሽየው ሲሄድ የኔን ካቴና አይቶ «ላልቷል፤ ሚሌ ሳትደርሺ አጥብቂው» አለኝ። እውነትም ላልቶ ነበር።

ከሚሌ በፊት ያለው አሸዋ እንደተነገረን ነበር። ፍሬን አልያዝንም። ሎጊያ የገባነው መብራት በርቶ ነው።

ቀን አራት፦ ዱብቲ

ዱብቲ ከሎጊያ ቅርብ ነው። አጎቴ ከ30 ዓመት በላይ አልመጡበትም። ከፊት ሆነው ሲነዱ ፍጥነታቸው እየቀነሰ፣ እየቀነሰ መጣ። መጨረሻ ላይ አንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ቆሙ። «ሚዛኑ እዚህ ነበር።» አሁን ጭድና አሮጌ ቆርቆሮ አለ።

የተንዳሆ ጥጥ የተጀመረው በ1950ዎቹ ነው፤ ሚቸል ኮትስ የሚባል የእንግሊዝ ኩባንያ ከመንግሥት ጋር ሆኖ። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት ሲታወጅ የመንግሥት ሆነ። በኋላ የተንዳሆ ግድብ ተሠርቶ ከጥጡ መሬት ብዙው ለሸንኮራ አገዳ ተሰጠ። ሰብሉ ተለዋወጠ፤ ወንዙ ዳር ያለው ሣር ግን አልተመለሰም።

ዛፉ ሥር አንድ አዛውንት ተቀምጠዋል። ጊሌያቸው (የአፋር ጩቤ) ወገባቸው ላይ፣ ሽርጣቸው ንጹሕ ነጭ። አጎቴ ሰላም አሏቸው። ሁለቱ ቁጭ አሉ። ዳጉ ተጀመረ። መጀመሪያ ስለ መንገዱ ጠየቁን። ዝናብ የት አያችሁ? አለይደጊ ሣር አለው? በሰቃ መንገዱን በልቶታል? አንድ በአንድ መለስን። ከዚያ ተራው የኛ ሆነ።

እኔ የጠበቅሁት ጥጥን ይረግሙታል ብዬ ነው። አልረገሙትም። «እኔም ጥጥ ዘርቻለሁ» አሉ። አውሳ ውስጥ፣ እዚሁ ታችኛው አዋሽ፣ በሱልጣን አሊሚራህ ሐንፈሬ ጊዜ አፋሮች ራሳቸው ጥጥ ያርሱ፣ ይሸጡም ነበር። ሱልጣኑ ራሳቸው ትልቅ እርሻ ነበራቸው። በ1967 ወደ ጅቡቲ ሲሰደዱ ያ ሁሉ ቀረ። «ጥጥ ጥሩ ነው፤ ልጅ ያስተምራል። ግን ያኔ እኛ ነን የት እንደሚዘራ የምንወስነው። ለከብቱ የሚሆነውን እኛ እናውቃለን።» ወንድሜ ማስታወሻውን አውጥቶ ጻፈ። እኔም ከጉዞው ሁሉ የያዝኩት ይህን ነው። እርሻው የማን ውሳኔ ነው? ውሃው ሲከፋፈል ከብት ያለው ሰው ተጠይቋል? ይህ ሳይጠየቅ «ልማት» የሚባል ነገር እኔን አያሳምነኝም።

ከዚያ አጎቴ ተናገሩ። ሰምቼው አላውቅም።

«አውሮፕላኑ ሲረጭ እኔ መኪናዬን ዳር አቁሜ መስታወት እዘጋ ነበር። ለቃሚዎቹ ሜዳው ዳር ይቀመጣሉ። ነፋስ ካለ ወደነሱ ይሄዳል። ከብትም ይኖራል። አንድ ቀን አንዲት ሴት ልጅ አዝላ መስኮቱን አንኳኳች። አስገባኝ ማለቷ ነው። አልከፈትኩላትም። መድኃኒቱ ይገባብኛል ብዬ።»

ማንም ምንም አላለም። አጎቴ ኮፍያቸውን አውልቀው በጉልበታቸው ላይ አደረጉ። አዛውንቱ ለረጅም ጊዜ መሬቱን ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ እጃቸውን አጎቴ ትከሻ ላይ አሳርፈው «ተናገርከው። ዳጉ ይሄ ነው» አሉ። ቀጠል አድርገው «አውሮፕላኑ ባለፈ ማግስት ንብ አይታይም ነበር» አሉ። ሁለቱ ለብቻቸው እንዲያወሩ ብለን እኔና ወንድሜ ወደ ሞተሮቹ ሄድን። ስንመለስ አጎቴ ዓይናቸው ቀልቷል፤ ግን ቀለል ብሏቸዋል።

ሌሊት ነፋስ ተነሳ። እናቴ እንዳለችው ነው። ጋቢውን አውጥቼ ስለብስ የሸመነው ሰው፣ የፈተለችው አያቴ፣ ያመጡት አጎቴ ብቻ አልታዩኝም። መስኮቱን ያንኳኳችውም ሴት አለችበት። ጋቢውን አልጠላሁትም። ግማሹን አጎቴ ላይ ጣል አደረግሁላቸው፤ እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር።

ቀን አምስት፦ አሳይታ

ከዱብቲ በኋላ መንገዱ ሲላላ አስፋልት፣ ሲጠብቅ ፒስታ ነው። ጠጠሩ የተዘረጋበት ቦታ ላይ ሞተር እንደ ዓሣ ያመልጣል። ቆሜ ነዳሁ፤ ጉልበቴ ተቃጠለ። ወንድሜ አንዴ ወድቆ ተነሳ፤ ፍሪሲዮኑ ከመጣመሙ በቀር ምንም አልሆነም። አጎቴ በድንጋይ አቃኑለት።

አሳይታ ከፍ ብላ አዋሽን ቁልቁል ታያለች። ከታች ወንዙ ቡናማ ሆኖ ይጠማዘዛል። ዳርና ዳሩ አረንጓዴ ነው፤ በቆሎ፣ ቴምር፣ የትንንሽ ገበሬዎች ጥጥ። ከዚህ ወዲያ ገመሪና አፋምቦ ሐይቆች አሉ፤ ከነሱ ወዲያ አቤ። ከጊንጪ አካባቢ ተነስቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል የመጣ ወንዝ እዚያ ያልቃል። በአሥር ሰዓት ገደማ ከብቶች ከላይ ወደ ውሃው ይወርዱ ጀመር። በሁለት የጥጥ ማሳዎች መሃል ሰባት ስምንት እርምጃ ስፋት ያለው መንገድ ተትቷል። ከብቶቹ ግራ ቀኝ ሳይሉ በሱ ወረዱ። አንዲት ልጅ በትር ይዛ ከኋላ ትከተላለች። አንድም ጥጥ አልተረገጠም።

ወንድሜ ረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ወረር ያለውን ኃላፊ ደወለለት። «ጌታዬ፣ ከመፈረሜ በፊት ሁለት ነገር ልጠይቅዎት። የእርሻው ካርታ ላይ የከብት መተላለፊያ አለ? ለቃሚዎቹስ ንጹሕ ውሃ በምን ዕቃ ነው የሚቀርብላቸው?» የኃላፊውን ድምፅ አልሰማሁም። ወንድሜ «እሺ፣ ካርታውን ይላኩልኝ» ብሎ ዘጋው።

እራት ላይ ካርታው በቴሌግራም መጣ። ሦስታችን ስልኩ ላይ ተጎነበስን። ማሳዎቹ በቁጥር ተለይተዋል፤ ቦዩ በሰማያዊ፣ መጋዘኑ በጥቁር። ከሜዳው ወደ ወንዙ የሚሄድ አንድም መስመር የለም። ወንድሜ ገዋኔ ላይ አሸዋው ላይ የተሣለውን አስታወሰ። በጣቱ ከምሥራቅ ጀምሮ በማሳ 7 እና በማሳ 8 መሃል እስከ ወንዙ ቀይ መስመር አሰመረ። «ይሄ ከሌለ አልመጣም» ብሎ ከሥሩ ጻፈና መልሶ ላከው።

አጎቴ የኔን ካቴና ሊያጠብቁልኝ ቁልፍ ይዘው ወጡ።